መጀመሪያ ቅርጫቱን እዪ

ለምወድሽ ዘይነብ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ስለ ዝምታዬ እዚህ አልጽፍም፤ ስንገናኝ ቁጭ አድርገሽ ትሞልጪኛለሽ፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። ብዕር ያስነሳኝም ናፍቆት ብቻ አይደለም፣ ለምን እዋሻለሁ። ሐያት ቴኒስ ልትጀምር ነው፣ እናቷም የሦስት ወር ልትከፍል ነው ሲሉኝ ነው። ሆዴ፣ እባክሽ ገና አትክፈይ።

ጎበዝ ተጫዋች ነበር ብለው አሰልጣኙን የጠቆሙሽ ሰዎች ግማሹን ነው የነገሩሽ። መጫወትና የስምንት ዓመት ልጅ ማጫወት ለየቅል ሙያ ነው። አንቺ ራስሽ ዶሮ ወጥ እንዴት እንደምትሠሪ ስትጠየቂ «እንዲያው ዝም ብዬ ነው» ብለሽ የለ? እንደዚያ የሚመልስ አሰልጣኝ ሞልቷል።

ቅዳሜ ሐያትን ሳትይዢ ሂጂና ዳር ተቀመጪ። ከሰውየው በፊት የኳስ ቅርጫቱን እዪ። ያለው አዲስ ቢጫ ኳስ ብቻ ከሆነ ተጠራጠሪ። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለ10 ዓመትና ከዚያ በታች ውድድር መደበኛውን ቢጫ ኳስ ከልክሏል። በሐያት ዕድሜ ብርቱካናማው ነው፤ ከመደበኛው በግማሽ ያህል ይዘገያል፣ ሜዳውም ከ23.77 ሜትር ወደ 18 ሜትር ገደማ ያጥራል። ጀማሪ ስለሆነች ከዚያም በሚዘገየው በቀዩ ኳስ፣ በ11 ሜትር ሜዳ ቢያስጀምራትም ልጄን ናቃት ብለሽ እንዳትከፊ።

ደሴ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ፌዴሬሽኑ ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ የተለየ ኳስ አለው፤ እናንተ ያላችሁት 2,500 ግድም ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱን የሚያዘገየው የለም። የውጭው ግፊት ስለሚያንስም ውስጡ የታመቀው አየር ይበልጥ ያነጥረዋል። ቢጫው ኳስ ሐያት ፊት ሲያርፍ ተነስቶ ከትከሻዋ በላይ ይመጣባታል። ምን ታድርግ? ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች፣ ክንዷን ሰቅላ ትመታለች፣ ኳሱ ከሜዳ ይወጣል። እሱ «ቀስ በዪ!» ይላታል፤ እሷም መምታቱን ትታ መግፋት ትለምዳለች። ያንን ማስተው ከባዶ ከማስተማር ይከብዳል። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ብትሄዱም 1,850 ገደማ ነው፣ አታመልጡም። ብርቱካናማ ኳስ አይገኝም ይልሽ ይሆናል፣ ሊሆን ይችላል። ግን አየራቸው የወጣ አሮጌ ኳሶችን ለይቶ ለትንንሾቹ ያስቀመጠ ከሆነ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው።

ቀጥሎ አንዲት ልጅ ምረጪና በ10 ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትመታ ቁጠሪ። ስምንት ልጅ በአንድ ሰልፍ አቁሞ በየአምስት ሰከንዱ አንድ ኳስ ቢያቀብል ለአንዷ የሚደርሳት 15 ነው። የቀረው ወረፋ ነው፤ ለወረፋማ ሸማቾች አለ፣ በነጻ ያስቆማል። ደህናው አሰልጣኝ ሜዳው ላይ በርዝመቱ ገመድ ይወጥርና ሁለት ሁለት አድርጎ እርስ በርስ ያቀባብላቸዋል።

ጆሮሽንም ጣል አድርጊ። «ጉልበት እጠፊ፣ ትከሻ አዙሪ፣ ራኬት ዝቅ!» በአንድ ትንፋሽ ከተባለች ልጅቷ ትደርቃለች። አንድ ነገር ብቻ ነግሮ፣ መሬት ላይ ክዳን አስቀምጦ «እዚያ ጣዪልኝ» የሚል ካገኘሽ ያዢው።

ሰርቭ ላይ፣ ጨዋታ ማስጀመሪያው ምት ላይ ማለቴ ነው፣ እጇን እዪ። የራኬት እጀታ ስምንት ጎን አለው። የራኬቱን ፊት ወደ ጎን አቁመሽ የላይኛውን ጎን አንድ በዪና ወደ ቀኝ ቁጠሪ፤ የአመልካች ጣቷ ሥር ያለው አንጓ ሁለተኛው ላይ መዋል አለበት። ግራኝ ከሆነች፣ እንደ አባቷ… ወደ ግራ ይቆጠራል። (የእሱን ነገር ሰምቻለሁ። መጻፍ አልቻልኩም እንጂ ሰምቻለሁ።) መዳፏን ወደ መረቡ አዙራ የምትገፋ ልጅን ዝም ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ግን ስታድግ ኳስ ማሽከርከር ያቅታታል።

ሰርተፊኬቱን ጠይቂው፣ ነውር የለውም። ኮርስ መውሰዱን ይነግርሻል፤ ትዕግሥቱን አይነግርሽም። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ የሚያስተምረው ራሱ ነው ወይስ ረዳቱ? ክፍያው በወር ይሁን፤ በበልግም በክረምትም የዘነበበት ቀን ይተካል ወይስ ተቃጠለ? እናንተ ዘንድ ይሄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ደግሞ… እንዴት ልበልሽ፣ ወላጅ ሜዳ ዳር አይቀመጥም ካለሽ ሳትከራከሪ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ። ምክንያቱን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ራኬት እንዳትገዢ። «ታድግበታለች» ብለሽ የአዋቂ 27 ኢንች እንደምትገዢላት አውቅሻለሁ፤ የደንብ ልብሷንስ ሁለት ቁጥር አስበልጠሽ አልነበር? ረጅምና ከባድ ሲሆንባት ኳሱን ዘግይታ ትመታለች፣ ጫናው ሁሉ የእጅ አንጓዋና ክርኗ ላይ ያርፋል። ለእሷ 23 ወይም 25 ነው፤ ቀጥ ብላ ቆማ እጇን ወደ ታች ዘርግታ ስትይዘው ጫፉ መሬት ለመንካት ጥቂት ሊቀረው ይገባል። እኔ እዚህ ፈልጌ ወደዚያ ለሚመጣ ሰው እሰጥልሻለሁ። አንቺ ቁመቷን በሴንቲሜትር ላኪልኝ፣ ጫማዋን አስወልቀሽ።

ያንቺው
ሰሚራ