ጂኦግራፊ ስታነብ ተይዛለች

ግንቦት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሚጡዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።

እንዲህ አልነበር እማማ በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ለቤሩቷ ልጃቸው ሲያስጽፉን? እኔ ጸሐፊ፣ አንቺ አራሚ። «ናፍቆት» የሚለውን ቃል በሦስት ዓይነት ስህተት ስጽፈው የሳቅሽው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

አውቃለሁ። ስምንት ወር። ይቅርታ። ስልክ ስለሌለኝ ነው እንዳልልሽ፣ ስልክስ እውነትም የለኝም፣ እዚህ አዳሪ ትምህርት ቤት ክልክል ነው። ግን ገና ላይ ቤት ነበርኩ። በራችሁን ሁለቴ አልፌዋለሁ። አንዴ እንዲያውም እናትሽ አይተውኝ «ግቢ እንጂ» ሲሉኝ ሱቅ ተልኬ ነው ብዬ ሮጥኩ። ፋሲካ ላይ ደግሞ አያትሽ ጋ መሄድሽን ስሰማ እፎይ አልኩ። ይሄን ለምን እንደምነግርሽ እንጃ።

የመስከረሙን ነገር በኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ የቸገረኝን ልንገርሽ። ጠፍታ ጠፍታ ሲቸግራት ብቅ አለች በይ፣ ልክ ነሽ።

ረቡዕ ሌሊት ተያዝኩ።

በስልክ አይደለም። በፍቅር ደብዳቤም አይደለም፣ አትሳቂ። በባትሪ ነው። የአባዬ ባትሪ፣ ያቺ ቢጫዋ፣ ጎማ ሲፈነዳበት በጥርሱ የሚይዛት። ፋሲካ ላይ ከጋቢናው አንስቼ ሳልነግረው ይዣት መጣሁ። እስካሁን ሚሌ ላይ ጠፋችብኝ ብሎ ረዳቱን ሲወቅስ እንደከረመ እገምታለሁ። ምስኪን ረዳት።

እዚህ መብራት የሚጠፋው 4 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ማንበብ ክልክል ነው። ማንበብ! መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ማዘር (የዶርማችን ኃላፊ ናቸው፣ ሁላችንም ማዘር ነው የምንላቸው) «11 ሰዓት የምትነሳ ልጅ 4 ሰዓት ካልተኛች ክፍል ውስጥ ነው የምትተኛው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ግን እንዲህ አለች እንዳትዪ። በራችን ላይ የዶርሙ ሕግ ተለጥፏል፣ 23 ቁጥር አለው። ቁጥር 7፣ ምግብ ከውጭ ማስገባት ክልክል። ያለ ፈቃድ ወረቀት ከበሩ ማለፍ ክልክል። ገላ መታጠብ ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ። ቁጥር 19 ግን ትገድልሻለች፦ «ከዶርም ልጅ ጋር መኮራረፍ ክልክል ነው»። አንቺና እኔ እዚህ ብንሆን ኖሮ ድንች ስንልጥ ነበር የምናድገው።

ቅጣቱ ድንች መላጥ ነው እኮ። አንድ ሳምንት፣ ለመላው ተማሪ። ጣቶቼን ብታያቸው እንደ እማማ ጣት ተጨማደዋል። ግን ድንቹ አይደለም ያስጨነቀኝ። የተወሰደ ዕቃ የሚመለሰው ለወላጅ ብቻ ነው። ወላጅ ይመጣል፣ መዝገቡን ያነባል፣ ይፈርማል፣ ይወስዳል። መዝገቡ ላይ ደግሞ ማዘር በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ብለው አስፍረዋል፦ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና በባትሪ ጂኦግራፊ ስታነብ ተይዛለች»።

ምናለ ባዮሎጂ ቢሆን! አባዬ አንብቦት ጅቡቲ ድረስ ላለ ሹፌር ሁሉ ያወራው ነበር።

ነገሩ ገብቶሻል አይደል? የትምህርት ዘርፍ መምረጫው ፎርም መጥቷል። ናቹራል ወይስ ሶሻል። አንቺ አምና የሞላሽው። እስከ ግንቦት 18 በወላጅ ፊርማ ተመላሽ ይሆናል። የወላጅ ቀን ደግሞ እሑድ ግንቦት 16 ነው። አባዬ እስከዚያ ከጅቡቲ ይገባል። እሱ የሚያውቀው ልጁ ሐኪም እንደምትሆን ነው። ፎርሙ ፍራሼ ሥር ነው ያለው፣ እስካሁን ባዶ ነው። በእርሳስ ሁለት ጊዜ ሞልቼ ሁለት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ወረቀቱ ሳስቷል።

እንዴት እዚህ ደረስሽ በይኝ። መጋቢት ላይ የጂኦግራፊ መምህራችን ከግቢ አስወጡን። ለአርባ ልጅ የፈቃድ ወረቀት ለማስፈረም ሁለት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ወጣን። ከላይ ሆነሽ የለገዳዲ ግድብ ውሃ ተንጣሎ ይታይሻል። በንጉሡ ጊዜ የተሠራ ነው። እናንተ ኮተቤ ከቧንቧ የምትቀዱት ከዚህ የሚመጣውን ሳይሆን አይቀርም። ከጓሯችን የተነሳ ውሃ አንቺን በየቀኑ ሲያጥብ እኔ ቅዳሜን እጠብቃለሁ። ይሄ ፍትህ ነው?

ብቻ መምህሩ ወደ እንጦጦ በኩል አመለከቱን። የጣሪያ አናት አድርጋችሁ እዩት አሉ። ዝናብ በወዲያኛው ወገን ሲወርድ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ሱዳንን አልፎ፣ ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ይገባል። በዚህኛው ወገን የወረደው በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል። አንድ ደመና ነው እኮ፣ ሚጡ! ትንሽ ነፋስ ነው የሚወስነው። አዋሽ ደግሞ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሄዶ ባሕር አይደርስም። አፋር ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል።

እጄን አወጣሁና «በየት በየት አድርጎ ነው የሚሄደው?» አልኩ። መቁጠር ሲጀምሩ ጸጉሬ ቆመ። አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ... ገመድ ስንዘል የምንቆጥረው! አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ዲቾቶ፣ ጋላፊ፣ ጋላፊ ላይ የደረሰች ታሸንፋለች። አባዬ ከሥራ ሲመጣ ያስጠናን የመንገድ ስም። ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ ከወንዙ ጋር ነው የሚነዳው። ወንዙ ይቀራል፣ አባዬ ድንበር ተሻግሮ ወደብ ይገባል።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ካርታ ካየሁ ዓይኔ አይነቀልም። ያን ሌሊትም ሳነብ የነበረው የወንዞቹን ተፋሰስ ነበር። ለፈተና አልነበረም። እንዲሁ ነው።

ደሞ ከብዷት ነው እንዳትዪ። ባዮሎጂ 93 ነው ያመጣሁት። ሰበብ እንኳ የለኝም። ፊዚክስ ቢጥለኝ ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! «አልቻልኩም» ብዬ አልቅሼ እገላገል ነበር። «እችላለሁ፣ ግን አልፈልግም» የሚለውን ለአባዬ በምን አፌ እነግረዋለሁ? የትምህርት ቤቱን ክፍያ ለመክፈል በወር አንድ ምልልስ ጨምሯል። ወገቡን እንደሚያመው አንቺም ታውቂያለሽ።

ገና ላይ ጫፉን ልነካካው ሞክሬ ነበር። ጂኦግራፊ ደስ ይላል አልኩት። «ጂኦግራፊ ከሆነ የፈለግሽው ጋቢና ግቢ፣ በነፃ አስተምርሻለሁ» አለኝ። ሳቅን። ካርታ እሠራለሁ ብለው ደግሞ «መንገዱ እኮ ተሠርቷል» ይለኛል፣ እርግጠኛ ነኝ።

ቁጥርም አለው። እሱ ያለ ቁጥር አይከራከርም። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከናቹራል ተፈታኞች 6.8 በመቶ ሲያልፉ ከሶሻል ያለፉት 1.3 በመቶ ነበሩ። ይሄን የሰማ ቀን ጀምሮ አይረሳውም። ዳይሬክተራችንም ሰኞ ሰኞ ባንዲራ ላይ ያለፈውን በመቶኛ እንደ ዳዊት ይደግሙልናል፦ በ2014 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። «ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላይ ወደቀ ማለት ነው!» ሲሉ ጠዋት የበላነው ዳቦ ይቆማል።

ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ስድስት ትምህርት፣ ከ600፣ ማለፊያው ግማሹ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ናቹራልም ገባሽ ሶሻል አይቀሩልሽም። የሚለያዩት ሦስቱ ናቸው። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ወይም ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ። ለሦስት ትምህርት ነው ይሄ ሁሉ ጦርነት። በዚያ ላይ ሶሻል የገባ ብዙው ሒሳብ ሸሽቶ ነው የገባው፣ ሒሳብ ግን እዚያም ይጠብቀዋል። እኔ ሒሳብ አልሸሸሁም። አንቺም አልሸሸሽም። (አየሽ፣ ሳላስበው ወደ መስከረም እየሄድኩ ነው። ቆይ።)

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምርልሽ። ትምህርት ቤቱ አስራ አምስት ልጅ ካልሞላ የሶሻል ክፍል አይከፈትም ብሏል። እስካሁን የፈረሙት አስራ አራት ናቸው። እኔ እንደማመነታ ከታወቀ ወዲህ ሙሽራ ሆኛለሁ። ቁርስ ላይ የግማሾቹ ዳቦ እኔ ሳህን ላይ ነው። አንዷ ልብሴን አጥባልኛለች። ትናንት ድንቹን ሦስቱ መጥተው አገዙኝ። ዶሮ እንኳ እንዲህ ሲቀለብ ለምን እንደሆነ ይታወቃል! ግን ማታ ማታ ሳስበው ያስፈራኛል። እኔ እምቢ ብል እነሱ ወይ ሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ ወይ የማይወዱትን ይማራሉ። የራሴ ሳያንሰኝ የአስራ አራት ሰው ዕጣ ፍራሼ ሥር ተኝቷል።

ደግሞ በአንድ ከሰዓት፣ አንድ ኮረብታ ላይ ቆመሽ ባየሽው ነገር የወደፊት ኑሮሽ ይመረጣል? አላውቅም። አንቺ እንዴት ነው የመረጥሽው? ጠይቄሽ አላውቅም እኮ። ሳልጠይቅሽ ነው የፈረድኩት።

እሺ፣ መስከረም። ያን ቀን «ሶሻል የሰነፍ መጣያ ነው» ያልኩት ለማሳቅ ነበር። ልጆቹም ሳቁ። አንቺ ግን ዝም ብለሽ ተነሳሽ። ብርጭቆሽን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ግማሽ ሻይ ነበረው። ስኳሩ ከሥሩ ረግቶ። የዚያኑ ዕለት ማታ መጥቼ ይቅርታ ብልሽ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። አደረ። ከዚያ እኔ እዚህ ገባሁ። ሲያድር ሲያድር ከባድ ሆነብኝ። አሁን ደግሞ ያንኑ መጣያ ካልገባሁ እያልኩ ነው። ሳቂብኝ፣ ይገባኛል። ደስ እስኪልሽ ሳቂ።

አሁን ልመናዬን ልናገር። እሑድ ከአባዬ ጋር ነይ። ከኮተቤ እዚህ ድረስ፣ በለገጣፎ በኩል፣ መንገድ ካልተዘጋጋ አርባ ደቂቃ ብትሆን ነው። አንቺን እንደሚሰማሽ ታውቂያለሽ። እኔን «ልጄ» ነው የሚለኝ፣ አንቺን «አለቃ»። ንገሪልኝ አልልሽም። እኔው ነኝ መንገር ያለብኝ። ብቻ ከማዘር መዝገብ ላይ በድንገት እንዳያነበው። ወሬውን ወደ ትምህርት ምርጫ ካመጣው... ወይ ንገሪው። አይ፣ አትንገሪው። እንዳየሽው አድርጊ። አንቺ ከእኔ ትሻያለሽ።

የኢኮኖሚክስ ደብተርሽንም ያዢልኝ፣ ኮፒ አድርጌ እመልሳለሁ። ዳቦ ቆሎ ካመጣሽ በካልሲ ጠቅልዪው፣ ቁጥር 7ን አትርሺ። ደብተሩንም ዳቦ ቆሎውንም ባታመጪ ነይ።

ደሞ ለከርሞ ተፈታኝ ነሽ። እንደ ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተሽ ከተፈተንሽ ስልክ የለም፣ ዶርም ነው፣ ፍተሻ ነው። እኔ ለምጄዋለሁ። አንቺ ግን ያለ ስልክ? ነፍስ ይማር። ስትመጪ ማዘር ጋ አንድ ሳምንት አስመዘግብሻለሁ።

ይህችን ወረቀት የክፍሌ ልጅ ትሰጥሻለች። ለእህቷ ሠርግ ፈቃድ አግኝታ ዛሬ ትወጣለች። ጥያቄ አታብዢባት፣ ዓይን አፋር ናት። እምቢ ካልሽም በእሷ በኩል «እምቢ» ብለሽ ላኪብኝ፣ በሩን በሩን ሳይ እንዳልውል።

ያንቺው
ጦጢት

ማስታወሻ፦ አባዬ ባትሪዋን ሲቀበል ፊቱን እይልኝ። እኔ መሬት መሬቱን ነው የማየው።