ያንን ስድስት አሃዝ ለማንም አታንብቡ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

እምቦጭ የሚሉት የውሃ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ሲታይ፣ ወይን ጠጅ አበባውን ዓይተን «እንዴት ያምራል!» ያልን ነበርን። በኋላ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ጀልባ አላሳልፍ አለ። ሰሞኑን ደግሞ ጎረቤታችን እትዬ ቤት ሌላ ሰርጎ ገብ ገባ። አንዱ ደውሎ «እማማ፣ በስህተት ስልክዎ ላይ የገባ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር አለ፣ ያንብቡልኝ» አላቸው፤ እሳቸውም ቡና እየቆሉ አነበቡለት። ለካ ቁጥሩ ዋትስአፓቸውን በሌላ ስልክ የሚከፍት ኮድ ኖሯል! ወዲያው ዋትስአፓቸው ከእጃቸው ወጣ፣ ለእድርተኛውም በእሳቸው ስም «ቸግሮኛል፣ ብር ላኩልኝ» የሚል መልእክት ደረሰ። ሁለት ሰው ላከ። እትዬን ማን እምቢ ይላል! እባካችሁ ልጆች፣ ዛሬውኑ የእናቶቻችሁን ስልክ ተቀብላችሁ የዋትስአፑን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከኮዱ ሌላ የራሳቸውን የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቀውን፣ አብሩላቸው። ብር የሚጠይቅ መልእክት ከመጣም መጀመሪያ ደውላችሁ ድምፃቸውን ስሙ፣ ወይ ሄዳችሁ በራቸውን አንኳኩ።

ከባሕር ዳር