«ፋሻ ብቻ ቀይሩልኝ» ለምትሉን ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከዚህ ወር ጀምሮ ሲሊንደሩን (ፒስተኑ የሚመላለስበትን የሞተር ቀዳዳ) ሳንለካ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አንቀይርም። አንዳንዶቻችሁ ቅር እንደተሰኛችሁ ሰምተናል፤ ምክንያቱን ልንነግራችሁ ይገባል።

አብዛኞቻችሁ የምታመጡልን የድሮውን ላንድክሩዘር ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቱ ኤፍ (2F) ሞተር ያለውን። 4.2 ሊትር ሞተር ነው፤ ሞኖብሎኩም (ሲሊንደሮቹ ያሉበት አካል) ቴስታታውም (የላይ ክዳኑ) ብረት ነው። ቢታደስ ያስደስታል። ሲሊንደሩ ግን እኩል አይበላም። በብዛት የሚበላው ፋሻው ወጥቶ በሚመለስበት በኩል ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጠርዝ ሳይነካ ይቀራል። ቴስታታው ሲወርድ ኑና ጥፍራችሁን ከታች ወደ ላይ ሳቡት። ከያዛችሁ እርከን ሠርቷል። አዲስ ፋሻ እዚያ ሲመታ ይሰበራል። ባይሰበርም፣ ሞላላ በሆነ ሲሊንደር ውስጥ አይገጥምምና ዘይት ያሳልፋል።

ይህ በእኛው እጅ ደርሷል። የአንድ ደንበኛችንን መኪና እንደጠየቁን ፋሻ ብቻ ቀይረን ሰጠናቸው። ሦስት ወር ሳይሞላ ደንገጎ ዳገት ላይ ሰማያዊ ጭስ ታጨስ ጀመር። ሁለተኛውን ሥራ የእጅ ዋጋ ሳንጠይቅ ሠራንላቸው። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ እምቢ ማለት ነበረብን።

አሁን እያንዳንዱን ሲሊንደር ላዩን፣ መሃሉንና ታቹን በሁለት አቅጣጫ እንለካለን። ለስድስቱ 36 ልኬት ማለት ነው፤ ወረቀቱ ይሰጣችኋል። ሲሊንደሩ ከተበላ በ0.50 ሚሊሜትር የሚበልጥ ፒስተን ይገዛል፤ ካልበቃ በ1 ሚሊሜትር የሚበልጠው። ሞኖብሎኩ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቀረጽበት) የሚሄደው ፒስተኑ እጃችን ከገባ በኋላ ነው፤ ሲሊንደሩ የሚሰፋው በፒስተኑ ልክ ነዋ። የምንዘገየው እዚህ ላይ ነው፤ ታገሡን።

«ቴስታታውን ላጩልኝ፣ ጉልበት ይጨምር» ለምትሉን፦ የቴስታታውን ፊት በማሽን የምንላጨው ከተጣመመ ለማቃናት ያህል ብቻ ነው። ቴስታታው በተላጨ ቁጥር ኮምፕሬሽኑ (ሞተሩ አየርና ቤንዚኑን የሚጨምቅበት መጠን) ይጨምራል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ 7.8 ለ1 ነው። ከልክ በላይ ከፍ ካለ በድሬ ሙቀት ዳገት ላይ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። በዚያ ገንዘብ ራዲያተሩን አስጠርጉ፣ ካርቡራቶሩንም (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) በደንብ እናስተካክለው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ግድም፣ ሐረር 1,900 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናቸው። እዚህ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚያ ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ያጠቁራል። ስለዚህ ውሏችሁ የት እንደሚበዛ አስቀድማችሁ ንገሩን።

የታደሰ ሞተር 500 ኪሎሜትር ሲሞላ አምጡት። ዘይቱን እንቀይራለን፤ ሞተሩ እንደሞቀ የቫልቮላውን ክፍተት፣ ማስገቢያውን 0.20 ማስወጫውን 0.35 ሚሊሜትር አድርገን እናስተካክላለን። ለዚህ የእጅ አንጠይቃችሁም።

ከአክብሮት ጋር
የጋራዡ ሠራተኞች፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ