ደብዳቤ ለልጄ፦ ሱቁም ጓዳውም አንድ ቤት ነው

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው ደብዳቤሽ በሜልቦርን በምትኖሪበት ሰፈር፣ መንገድ መገናኛ ላይ የቆመ አሮጌ ሱቅ ከነመኖሪያው በቅርስነት እንደሚጠበቅ አይተሽ መገረምሽን ጽፈሽልኛል፤ የአራዳው ቤታችን ከዚያ በምን እንደሚያንስም ጠይቀሽኛል። ወንድሞችሽ ቤቱ ፈርሶ በቦታው ፎቅ እንዲሠራ ስለሚፈልጉ ጥያቄሽ ለወግ ያህል የተነሣ አይደለም፤ ስለዚህ በስልክ ከምመልስልሽ ይልቅ አስቤ ልጽፍልሽ መረጥሁ።

ቤቱን አያትሽ ከአንድ የየመን ነጋዴ እንደገዙት ታውቂያለሽ። አሠራሩን ግን ልብ ብለሽ ያየሽው አይመስለኝም፤ በቤት ውስጥ ያደገ ሰው ቤቱን አያየውምና። መሠረቱና እስከ መስኮቱ ግርጌ ያለው ግድግዳ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በእንጨትና በማገር ቆሞ ጭድ በገባበት ጭቃ የተመረገ ሲሆን፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ የጓዳው ኮርኒስ ደግሞ አቡጀዲ ነው። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ማዕዘን ሾሎ እንዲወጣ አልተደረገም፤ ተቆርጦ የሱቁ በር በዚያ ተከፍቷል፤ ከዳገቱ የሚወርደውም ከታች የሚመጣውም ገበያተኛ በሩን ፊት ለፊት እንዲያገኘው የታሰበ ነው። የመኖሪያው በረንዳ ግን በጓሮ በኩል ወደ ግቢው ዞሮ ከመንገደኛ ዓይን ተከልሏል። በሁለቱ መካከል፣ ከባንኮኒው ጀርባ፣ መጋረጃ ብቻ የተንጠለጠለበት ጠባብ በር አለ።

ለእኔ የቤቱ ቅርስነት ከሁሉ ይልቅ ያለው በዚያ በር ላይ ነው። እናቴ ወጥ እያማሰለች ባንኮኒው ሲንኳኳ በዚያ በር ወጥታ ስኳር ትመዝን፣ ላምባ በጠርሙስ ትቀዳ፣ ተመልሳም ወደ ምድጃዋ ትገባ ነበር። አባቴ ማታ የሱቁን በር ከቀረቀሩ በኋላ፣ ሌሊት ሕፃን የታመመበት ጎረቤት ሻማ ወይም ክብሪት ፈልጎ ትንሿን መስኮት ቢመታ የሚሰሙት ጓዳው ከባንኮኒው ጥቂት እርምጃ ብቻ ስለሚርቅ ነው። የዱቤ ደብተሩ የሚቀመጠው በሱቁ መሳቢያ ሳይሆን በመኝታ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ማን ደመወዙ እንደዘገየበት፣ ማን ቤት ለቅሶ እንደገባ የሚታወቀውም በዚያው ቤት ውስጥ ነው። ሱቅና መኖሪያ ተለያይተው ቢሠሩ ኖሮ ይህ ሁሉ በዚህ መልክ ባልኖረ ነበር። ኑሮው የተመቸ ነበር ለማለት ግን አልደፍርም፤ የላምባው ሽታ እንጀራው ድረስ ይገባ ነበር፤ እኛም ልጆቹ ያለ እንግዳ ዓይን የበላነው እራት ጥቂት ነው።

ስለ ሜልቦርኑ ሱቅ ያነበብሁት ይህንኑ ሐሳቤን አጠናክሮልኛል። በዚያ አገር በአካባቢው መስተዳድር የሚደረገው የቅርስ ጥበቃ በአብዛኛው የሚመለከተው ከውጭ የሚታየውን ነው፤ የውስጡን ክፍል የሚጠብቀው ተለይቶ በተጠቀሰ ጊዜ ብቻ ነው። የማዕዘን በሩና የበረንዳው ጣሪያ እንዲቆዩ ይደረጋል፤ ውስጡ ግን ተጠርጎ ካፌ ወይም ተራ መኖሪያ ሊሆን ይችላል። ፈጽሞ ከመፍረስ የተሻለ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ገጽታው ቀርቶ ያ በር ከተደፈነ የተረፈው ግማሹ ነው። ከወንድሞችሽ አንዱ «የፊቱን ግድግዳ ትተን ከጀርባው ስድስት ፎቅ እናውጣ» ባለ ጊዜ ያልተስማማሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ደግሞ እንዲህ ያለው ቤት ለከተማዋ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማዋን ያቆሙት ቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ ሰፈሮች ብቻ አይደሉም፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ሕንዶችን፣ አርመኖችን፣ ግሪኮችንና የመኖችን ስቦ አመጣ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ቆርቆሮውም ሸቀጡም እንደ ልብ ይገባ ጀመር። እንደ ሕንዱ መሐመድ አሊ ያሉት ትልልቅ ነጋዴዎች ፒያሳ ላይ ዛሬም የሚጠሩበትን ሕንፃ ሠሩ፤ ትንንሾቹ ደግሞ በየመንታ መንገዱ እንደ እኛ ቤት ያለውን ከፈቱ። ሰዉ «አረብ ቤት ሂድና ሻይ ቅጠል አምጣ» ብሎ ልጅ ይልክ የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ሲሆን፣ የማዕዘን ሱቆቹ ግን ከሰፈሩ አልወጡም፤ ኋላም ብዙዎቹ የጉራጌ ነጋዴዎች እጅ ገቡ። በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በግቢያችን የነበሩት የኪራይ ክፍሎች ሲወረሱ ሱቁና መኖሪያው በእጃችን ቀረ። በብዙ ግቢዎች ሱቁ ለአንዱ፣ ጓዳው ለሌላው ተሰጥቶ በመካከል ግድግዳ ተመርጓል፤ የእኛ በር ሳይደፈን መቆየቱ የዕድል ነገር ነው።

የእኛ ሰው ቅርስ ሲባል የሚታየው ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም የአንድ ደጃዝማች አዳራሽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የባለ ሱቅ ቤት ቅርስ ሊሆን አይችልም አላለም፤ ልማዳችን ግን ከቤቱ ይልቅ የባለቤቱን ማዕረግ ይጠይቃል። ሐረርን ተመልከቺ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ከሐረሪዎቹ ባህላዊ ቤት ጎን ከ1879 ዓ.ም. በኋላ የገቡት የሕንድ ነጋዴዎች የሠሯቸው ባለ በረንዳ ፎቅ ቤቶችም ከከተማዋ መለያዎች ተቆጥረዋል። በዚያው ከተማ ቱሪስቱ ሁሉ «የራምቦ ቤት» እያለ የሚጎበኘውም፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ከሞተ በኋላ በአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው፤ ነጋዴው ቤቱን ሠራ፣ ስሙ ግን ለፈረንሳዊው ሆነ። (እኔ ይህን ባሰብሁ ቁጥር እስቃለሁ፤ አያትሽ ቢሰሙት ግን የሚስቁ አይመስለኝም።)

የወንድሞችሽንም ሐሳብ አልንቅም። ቦታው ውድ ነው፤ ቤቱ ደህና መጸዳጃ እንኳ የለውም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የፒያሳ ሰፈሮች መፍረሳቸውንም አይተናል፤ ነገ ተራው የእኛ ይሆናል የሚለው ስጋታቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ይሁን እንጂ እንደነዚያ ያሉ ቤቶች በበዙበት ጊዜ የእኛው ከብዙዎች አንዱ ነበር፤ ዛሬ ግን በአካባቢው እንዲህ ሳይከፋፈል የቀረ ሌላ አላውቅም። እንደ እኔ ሐሳብ ከግቢው በስተጀርባ፣ የተወረሱት ክፍሎች ከነበሩበት ወዲህ ባለው ባዶ ቦታ፣ ፈቃድ ከተገኘ መጠነኛ ቤት ይሠራ፤ የፊቱ ቤት ሱቁም ጓዳውም ሳይነካ ይጠገን። ጥገናው ሲሚንቶ ልስን እንዳይሆን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን ከጭቃው ውስጥ አፍኖ ይይዘዋል፤ ግድግዳው ከላይ ያማረ መስሎ ከውስጥ ይበሰብሳል። መጀመሪያ የጣሪያው አሸንዳ ይስተካከል፤ በምስጥ የተበላው እንጨት ይቀየር፤ ከዚያ በጭቃና በኖራ ይለሰን። ሙዚየም ይሁን የሚለው ያንቺ ሐሳብ ደስ ቢለኝም አልቀበለውም፤ ሱቁን ይዞ በዚያው የሚያድር ተከራይ ባገኝ እመርጣለሁ።

ከአንቺ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። የሥነ ሕንፃ ተማሪ የሆነችው ጓደኛሽ አዲስ አበባ ስትመጣ ቤቱን ከነጠባቡ በር፣ ከነደረጃውና ከነመደርደሪያው ለክታ በወረቀት እንድታወጣልኝ ለምኛት፤ ለማመልከቻውም ለክርክሩም ያስፈልገኛል። ሁለተኛ፣ ወንድሞችሽ ለፋሲካ ሲሰበሰቡ ድርሻሽን የሚመለከት ቃል እንድትሰጪ ይጠይቁሻል፤ ውክልናውን ለማን እንደምትሰጪ ከዚያ በፊት ወስነሽ በኤምባሲው በኩል አስልኪልኝ።

አባትሽ