ያ የባሕር ዛፍ እንጨት

ጅማ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሙሉጌታ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ረስቼህ አይደለም። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የእህቴ ልጅ ነገር ይመጣብኛል፤ በእሱ ነገር ውስጥ ደግሞ አንተም እኔም አለንበት።

በፋሲካ ማግስት እዚሁ ከተማ ወዳለ አንድ ሆቴል ለዋና ወስጄው ነበር። ሸሚዙን እያወለቀ «ጋሼ፣ እናንተ ግልገል ጊቤ ላይ እንደምትዘሉት ልዝለልና ተመልከተኝ» አለኝ። ስቄ ተመለከትኩት። እጆቹን በቅጡ ሳይዘረጋ በጭንቅላቱ ገባ። ውኃው ከደረቴ አያልፍም፤ ጠርዙ ላይም ጥልቀቱ አልተጻፈም። በፊቱ ተደፍቶ ተንሳፈፈ፤ ከግንባሩ የወጣው ደም እንደ ቀጭን ክር ውኃው ላይ ሲረዝም አየሁ።

ዘልዬ ገብቼ በብብቱ ልጎትተው ስል አንድ ሰው «አንገቱን እንዳታጣምመው!» ብሎ ጮኸ። ነርስ ኖሯል። ጭንቅላቱንና ትከሻውን አንድ ላይ ይዘን በጀርባው ገለበጥነው፤ መተንፈሱን እያየን፣ ቃሬዛ እስኪመጣ እዚያው ውኃው ላይ አንሳፈፍነው። ያን ሰው እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሳዋለሁ።

ሐኪሙ ራጁን እያሳየ አስረዳኝ። ጭንቅላት ወለሉን መትቶ ሲቆም ገላ አይቆምም፤ ክብደቱን ሁሉ ይዞ ይመጣና አንገትን መካከል ላይ ያደቅቀዋል። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው አምስተኛው የአንገት አጥንት ነው፤ ኅብለ ሰረሰር አብሮ ከተጎዳ እጅና እግር ይከዳሉ። በጭንቅላት ለመግባት 2 ሜትር ከ70 ያህል ጥልቀት ይመከራል አለኝ። የኛ ልጅ የገባበት 1 ሜትር ከ20 ቢሆን ነው።

አጥንቱ ተሰነጠቀ እንጂ ኅብለ ሰረሰሩ ተረፈ። አንገቱ ቶሎ ዳነ። ራስ ምታቱና መርሳቱ ግን ወራት ፈጁ። ትምህርት ወዳዱ ልጅ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ሲያነብ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። አሁን ደኅና ነው።

ሙሌ፣ ያን የጊቤ ታሪክ ስንት ጊዜ አውርተነዋል! አንተ ከገደሉ፣ እኔ ከሾላው ቅርንጫፍ። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ እናስቀራለን። አንተ መጀመሪያ በእግርህ ትወርድ ነበር። ያን ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ይዘህ ወለሉን እየወጋህ ትዞራለህ፤ እንጨቱ ካልተዋጠ ማናችንንም አታዘልልም። ጎርፍ ድንጋይና ግንድ ያመጣል እያልክ ዝናብ ሲጥል እንደገና ትለካለህ። እኛ ፈሪ እንልህ ነበር። እኔም ለልጁ ገደሉን ነገርኩት፤ እንጨቱን አልነገርኩትም።

ልጆችህ ዋና እንደሚያዘወትሩ ሰምቻለሁ። ዛሬ ማታ ታሪኩን ንገራቸው፤ ከእንጨቱ ጋር።

ወንድምህ፣
ታደሰ