ኖራው ደጃችን ነው፣ መሬታችን ግን ኮምጥጧል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጎጃም ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ውሃው ነው። እኔም የጮቄ ተራራ ስር ልጅ ነኝ፣ አይገርመኝም። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዙሪያው የሚፈልቀው ወንዝ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ዓባይ ይገባል። ግን ውሃውን የሚሰጠን ያው ዝናብ አፈራችንንም አኮምጥጦታል። ስለዚህ የሚያወራ ሰው አጣሁና ጻፍኩላችሁ።

ዝናብ ለዘመናት ሲወርድ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከአፈሩ እያጠበ ይወስደዋል። ሰብሉም የድርሻውን ይወስዳል። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ስለሚሆን ወደ ማሳው የሚመለስ ነገር የለም። አፈሩ በጣም ሲኮመጥጥ ውስጡ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የእህሉን ሥር ያቀጭጨዋል። ፎስፈረሱም እዚያው ታስሮ ይቀራል። ገበሬው ማዳበሪያውን በውድ ገዝቶ ይበትናል፤ ገብሱ ግን ቢጫ ሆኖ ይቆማል።

የአባቴን ማሳ ላንሳ። ልጅ ሆኜ ገብስ ያጨድኩበት መሬት ዛሬ ግማሹ ባሕር ዛፍ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የምድጃ አመድ ስትደፋበት የኖረችው ጓሮ ግን አሁንም ያምርበታል። አመድ ኮምጣጣነቱን ይቀንሳላ! በአዊ በኩል ደግሞ ብዙ ሰው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሎ ከሰል ማክሰል ይዟል። አልፈርድባቸውም። እህል እምቢ ያለ መሬት ላይ ምን ያድርጉ? ግብጦ ይችለዋል፣ ግን ግብጦ ብቻ ተበልቶ አይኖርም።

መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ ማሳው ላይ ይበተናል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ድንጋዩን አይቶታል። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ወረድ ሲሉ ነጣ ያለው፣ በንብርብር የተደረደረው ይመጣል። ያ አገሩ ባሕር በነበረበት ዘመን የተጋገረ ነው። ሲሚንቶም የሚሠራው ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ ነው።

ችግሩ ጭነቱ ነው። ማዳበሪያ በሄክታር ጥቂት ኩንታል ይበቃዋል። ኖራ ግን ከ20 ኩንታል በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያን ያህል በአህያ አይጋዝም። ደግሞም ከዘር አንድ ወር ቀደም ብሎ ካልታረሰበት ጥቅሙ ለዚያ ዓመት አይደርስም። እኛ ሰፈር አንድ ዓመት ተመዝግበን ጠብቀን፣ ኖራው የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ዘሩ በቅሎ ነበር። ኩንታሉ ዝናብ መትቶት ሲጋገር አየሁት፣ አንጀቴ አረረ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ኖራው በበጋ ይጓጓዝ፤ ጥርና የካቲት ላይ፣ መንገዱ ደረቅ ሆኖ መኪና ቀበሌ ድረስ መግባት በሚችልበት ጊዜ። ገበሬው ሁለተኛውን እርሻ ሳያርስ እጁ ላይ ይድረስ። የዘንድሮው ምዝገባም ከመስከረም ሳያልፍ ይጀመር።

አክባሪያችሁ፣
ከደብረ ማርቆስ