የእናታችንን እርምጃ ለቆጠራችሁልን ሁሉ

እናታችን የ78 ዓመት አረጋዊት ናቸው። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም፣ ንጋት ላይ ለኪዳን ጸሎት ሲገሰግሱ ዝናብ ባራሰው የደጃፋችን ድንጋይ ላይ አዳልጧቸው ወደቁ፤ የግራ ጭናቸው አጥንትም ከዳሌው ሥር አንገቱ ላይ ተሰበረ። ይህን መልእክት የምንጽፈው ኅዳር 21 ቀን ለጽዮን ማርያም ክብረ በዓል በገዛ እግራቸው ከቤተ ክርስቲያን ደርሰው ከተመለሱ በኋላ ሲሆን፣ ለዚህ ያበቁንን ሰዎች በአደባባይ ሳናመሰግን ብንቀር ውለታ የበላን ስለሚመስለን ነው።

በመጀመሪያ የሄድንበት የጤና ተቋም ራጅ ካነሣ በኋላ በዚህ ዕድሜ ቀዶ ሕክምና እንደማይሞከር፣ አጥንቱ እስኪይዝ ተኝተው መቆየት እንዳለባቸው ነግሮ ወደ ቤት መለሰን። ሁለት ቀን ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ በሥቃይ ተኙ፤ ወጌሻ እንጥራ ያሉም ነበሩ። የጎረቤታችን ልጅ የሆነችው ነርስ ግን ነገሩን እንደሰማች መጥታ፣ በእርሳቸው ዕድሜ ከስብራቱ ይልቅ መኝታው እንደሚያስፈራ፣ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የአልጋ ቁስል ከዚያ እንደሚመጡ አስረድታ፣ ራሷ መኪና ፈልጋ ወደ ሌላ ሆስፒታል አደረሰችን። እዚያ በወደቁ በአምስተኛው ቀን የተሰበረው የአጥንቱ ራስ ወጥቶ በብረት ተተካላቸው። ቀዶ ሕክምናውን ላደረጉት ሐኪሞች፣ ለማደንዘዣ ባለሙያው፣ እንዲሁም ደም ለመስጠት ተሰልፈው ላደሩ የሰፈራችን ወጣቶች ምስጋናችን ከልብ ነው።

ይሁንና በእኛ ግምት እናታችንን ያቆማቸው ብረቱ ብቻ አይደለም። የሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ባለሙያ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ምሽት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ የጠየቀችን ስለ ስብራቱ ሳይሆን፣ ከመውደቃቸው በፊት እንዴት ይሄዱ እንደነበር ነው። ቤት ውስጥስ? ከቤት ውጭስ? ገበያ ሄዶ ለመመለስስ? ለእያንዳንዱ ያለ ችግር የሚሄድ 3፣ በምርኩዝ የሚሄድ 2፣ በሰው ድጋፍ የሚሄድ 1፣ ጨርሶ የማይችል 0 ይሰጠዋል። እኔ የእናቴን ክብር የጠበቅሁ መስሎኝ ሁሉንም በራሳቸው ያደርጉ ነበር ብዬ መለስሁ። እርሳቸው ግን ከተኙበት ሆነው፣ ከደጅ ሲወጡ ከዘራ እንደሚይዙ፣ ያለ ልጅ ልጃቸው ክንድም ገበያ ከሄዱ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው ነገሯት። ከ9 ነጥብ 6 ተጻፈላቸው። የጥያቄው ጥቅም የገባኝ ቆይቶ ነው፤ በእኔ መልስ ተሂዶ ቢሆን ኖሮ፣ ከመውደቃቸው በፊት እንኳ ያልነበራቸው ጉልበት እየተጠበቀባቸው ድካማቸው ሁሉ እንደ ስንፍና ይታይ ነበር።

በቀዶ ሕክምናው ማግስት ሊያስነሷቸው ሲመጡ ከቤተሰባችን ያልተቃወመ አልነበረም። ስፌቱ ሳይደርቅ አሮጊት ማቆም ጭካኔ መሰለን። ባለሙያዋ ሳትቆጣ፣ የገባው ብረት ከዚያው ቀን ጀምሮ የሰውነታቸውን ክብደት እንደሚሸከም፣ በመኝታ የሚያልፍ እያንዳንዱ ቀን ግን ጡንቻቸውን እንደሚበላ ገለጸችልን። የሆስፒታሉ ነርስ የሕመም ማስታገሻውን ከግማሽ ሰዓት በፊት ሰጥታቸው ነበር። ከዚያ በዴንማርክ ባለሙያዎች በተዘጋጀ መለኪያ ሦስት ነገሮች ብቻ ታዩ፤ ከአልጋ ተነሥቶ መመለስ፣ ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥ፣ መራመድ። በራሱ ያለ ስጋት ለሚያደርግ 2፣ በሰው እርዳታ ለሚያደርግ 1፣ ላልቻለ 0፤ የቀኑ ሙሉ ነጥብ 6 ነው። በመጀመሪያው ቀን 2፣ በሁለተኛው ቀን በዎከር (በሁለት እጅ በሚያዝ ባለ አራት እግር መደገፊያ) ጥቂት ተራምደው 3 አገኙ። የልጅ ልጃቸው በደብተሩ እየመዘገበ ከአልጋው ራስጌ ይለጥፍ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ሲቆሙ ዞረባቸው፤ መራመድ አቅቷቸው ነጥቡ ወደ 2 ወረደ። እኛ ዕድሜ ነው ብለን ልናልፈው ነበር። ነርሷ ግን የወረደውን ቁጥር አይታ ደም ግፊታቸውን ተኝተውም ቆመውም ለካች፤ ሲቆሙ ይወርድ ነበር፤ ደማቸውም ሲመረመር አንሶ ተገኘ። ወጣቶቹ የሰጡት ደም ያን ቀን ደረሰላቸው። ቁጥሩ በየዕለቱ ባይጻፍ ኖሮ ያን ለውጥ ማን ያስተውለው ነበር? ሌሊት ግራ ተጋብተው የሞተች እህታቸውን ሲጠሩ መነጽራቸውን አድርጋላቸው፣ መብራት አብርታ፣ እጃቸውን ይዛ ያደረችውን የሌሊት ተረኛ ነርስም አንረሳትም። የንስሐ አባታቸውም እስከ ሆስፒታል መጥተው ከጾሙ ፈትተዋቸው እንቁላልና ወተት እንዲወስዱ ስለፈቀዱላቸው እናመሰግናለን፤ እርሳቸው ካልፈቀዱ የሚቀምሱ አልነበሩም። በዘጠነኛው ቀን በ5 ነጥብ ወጡ፤ የቀራቸው ሲራመዱ የሰው ዐይን ብቻ ነበር።

ቤት ሲገቡ የጎረቤታችን አናጢ ዱካውን አንሥቶ፣ ከጉልበታቸው ከፍ የሚል ባለ መደገፊያ ወንበርና ለሽንት ቤቱ የእንጨት መቀመጫ ሠራላቸው፤ አንድ ብርም አልተቀበለንም። ሜሪላንድ ያለችው እህታችን ባለ ጎማ ዎከር ልካ ነበር፤ ባለሙያዋ ግን ግቢያችን ድንጋያማ መሆኑን አይታ ጎማ የሌለውን፣ እየተነሣ የሚቀመጠውን መረጠችላቸው። መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ከወንበር ተነሥተው 3 ሜትር ተራምደው፣ ዞረው ተመልሰው እስኪቀመጡ በሰዓት ስትለካቸው 48 ሰከንድ ፈጀባቸው። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ዎከሩን ትተው በከዘራ 26 ሆነ። ሰከንዱን ብቻ አልነበረም የምትከታተለው፤ ሲዞሩ ይንገዳገዱ እንደሆነ፣ ሲቀመጡም ዘጭ ይሉ እንደሆነ ታይ ነበር። መቋሚያውን ብብታቸው ሥር አድርገው ሲደገፉ ወገባቸው እንደሚያዘነብል አሳይታ፣ እጀታው ከእጅ አንጓቸው ትክክል የሆነ ከዘራ በቀኝ እጃቸው፣ ማለትም ከታከመው እግር በተቃራኒው፣ እንዲይዙ አስለመደቻቸው።

የዕድራችን አባላት ተራ ገብታችሁ ከጎናቸው ስለዋላችሁ፣ ቡና ስታፈሉ ዱካ ላይ እንዳይቀመጡ ስለጠበቃችኋቸው እናመሰግናችኋለን። ኅዳር 21 ቀን ወንጌል ሲነበብ ቆመው፣ የቀረውን ተቀምጠው አስቀድሰዋል። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የልጅ ልጃቸው በእርሳቸው ቃል «ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መልስ፣ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ዐረፍ ብዬ» ብሎ ጽፏል። ደብተሩን በሚቀጥለው ቀጠሮ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እናሳያታለን።

እግዚአብሔር ይስጥልን።

ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው